የመርሳትን መጠን የለካው ሰው፦ የሔርማን ኤቢንግሐውስ የሕይወት ታሪክ

ተማሪዎች፣ በፈተና ዋዜማ ሌሊቱን ሙሉ መብራት አብርታችሁ ያጠናችሁት ምዕራፍ ከሳምንት በኋላ ከአእምሮአችሁ ጠፍቶ ያገኛችሁበት ጊዜ የለምን? እንደ ውሃ ጠጥቼዋለሁ ብላችሁ የተመካችሁበት ትምህርት፣ መምህሩ በድንገት ሲጠይቃችሁ አፋችሁ ላይ ደርሶ አልወጣ ያላችሁ ቀን የለምን? በእንዲህ ያለ ጊዜ ብዙ ተማሪ ራሱን ይወቅሳል። ደካማ ነኝ፣ አእምሮዬ ትምህርት አይቀበልም ብሎ ተስፋ ይቆርጣል። አንዳንዱም በዚሁ የተነሣ ትምህርቱን እስከ መጥላት ይደርሳል። ይህ ተስፋ መቁረጥ ተገቢ ነው ወይስ አይደለም? ከዚህ ቀጥሎ ታሪኩን የምታነቡለት ሰው ዕድሜውን ያሳለፈው ለዚህ ዓይነቱ ጥያቄ መልስ በመሻት ነው።

በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል የሚለው የአበው ምሳሌ እንደሚያስረዳው፣ የሰው ልጅ ረሺ መሆኑን ካወቀ ብዙ ዘመን ሆኖታል። ይሁን እንጂ ምን ያህል እንደሚረሳ፣ በየትኛው ጊዜ አብዝቶ እንደሚረሳ፣ የተረሳውስ ነገር በእርግጥ ፈጽሞ የሚጠፋ እንደሆነ በሙከራ መርምሮ በቁጥር ያስረዳ ሰው እስከ ዐሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ድረስ አልነበረም። ይህን ሥራ የጀመረው ጀርመናዊው የሥነ ልቡና ሊቅ ሔርማን ኤቢንግሐውስ ነው። ሙከራውን ሲጀምር ቤተ ሙከራ አልነበረውም፤ ረዳትም አልነበረውም። የመረመረውም የሌላውን ሰው አእምሮ ሳይሆን የገዛ ራሱን አእምሮ ነበር። በዚህ ምንባብ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ መሆናቸውን ልብ በሉ።

ኤቢንግሐውስ ጃንዋሪ 24 ቀን 1850 በፕሩሲያ መንግሥት በራይን ክፍለ ሀገር ውስጥ ባርመን በተባለች ከተማ ተወለደ። ባርመን በዚያን ዘመን በጨርቃ ጨርቅ ሥራ የታወቀች ስትሆን፣ ዛሬ ቩፐርታል የምትባለው የጀርመን ከተማ ክፍል ናት። አባቱ ነጋዴ ነበር። ልጁ ግን ወደ ንግድ ሳይሆን ወደ ትምህርት አዘነበለ፤ በ17 ዓመቱም ወደ ቦን ዩኒቨርሲቲ ገባ። በመጀመሪያ ታሪክንና የቋንቋ ጥናትን ተማረ፤ በኋላ ግን ልቡ ወደ ፍልስፍና ስለ ተሳበ እርሱን ዋና ትምህርቱ አደረገው። በዘመኑ የነበሩ የጀርመን ተማሪዎች ልማድ እንደነበረው፣ ከአንዱ ዩኒቨርሲቲ ወደ ሌላው እየተዘዋወረ በሃለና በበርሊንም ተምሯል።

በ1870 በፕሩሲያና በፈረንሳይ መካከል ጦርነት በተነሣ ጊዜ ወጣቱ ተማሪ ትምህርቱን አቋርጦ በፕሩሲያ ጦር ውስጥ አገለገለ። ጦርነቱ ሲያበቃ ወደ ቦን ተመልሶ ትምህርቱን ቀጠለና በ1873፣ በ23 ዓመት ዕድሜው፣ በፍልስፍና የዶክትሬት ማዕረግ አገኘ። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ቋሚ ሥራ አልነበረውም። ወደ እንግሊዝ አገርና ወደ ፈረንሳይ ሄዶ ተማሪዎችን እያስጠናና እያስተማረ፣ በትርፍ ጊዜውም በግሉ እያነበበ ኖረ። ወደፊት የት እንደሚደርስ በግልጽ የሚያመለክት ምንም ነገር አልነበረም።

የሕይወቱን አቅጣጫ የለወጠው አንድ መጽሐፍ ነው። በፓሪስ ከተማ ከአንድ የአሮጌ መጻሕፍት መሸጫ እንዳገኘው ይነገራል። መጽሐፉ ጉስታፍ ፌክነር የተባለው ጀርመናዊ ሊቅ በ1860 ያሳተመው ነበር። ፌክነር በዚህ መጽሐፍ ውስጥ የሰውን የስሜት ሕዋሳት በቁጥር ለመለካት ሞክሯል። ለምሳሌ አንድ ሰው በእጁ በያዘው ክብደት ላይ ምን ያህል ቢጨመርበት ልዩነቱ እንደሚሰማው እየፈተነ መዝግቧል። ኤቢንግሐውስ ይህን ባነበበ ጊዜ አንድ ታላቅ ሐሳብ መጣለት። ማየትና መዳሰስ በቁጥር የሚለኩ ከሆነ ማስታወስ የማይለካበት ምክንያት ምንድን ነው ብሎ ራሱን ጠየቀ።

ይህ ጥያቄ በዚያን ዘመን ድፍረት የሚጠይቅ ነበር። በ1879 በላይፕሲግ ከተማ የታወቀውን የሥነ ልቡና ቤተ ሙከራ ያቋቋመው ቪልሄልም ቩንት እንኳ፣ ማስታወስንና ማሰብን የመሳሰሉት ከፍ ያሉ የአእምሮ ሥራዎች በሙከራ ሊጠኑ አይችሉም የሚል እምነት ነበረው። እንዲህ ያለው ስመ ጥር ሊቅ አይቻልም ያለውን ሥራ ስምም ሹመትም የሌለው የ29 ዓመት ወጣት ብቻውን ለመሥራት ተነሣ።

እስቲ በእርሱ ቦታ ሆናችሁ አስቡ። የማስታወስን ችሎታ ለመለካት ብትፈልጉ ከየት ትጀምሩ ነበር? ምናልባት አንድ ግጥም ወስዳችሁ በቃል ለማጥናት ስንት ጊዜ ማንበብ እንደሚያስፈልግ ትቆጥሩ ይሆናል። ነገር ግን ግጥሙ ደስ የሚል ከሆነ ቶሎ ይያዛል፤ አሰልቺ ከሆነ ይዘገያል። ከቃላቱም አንዱ የእናትን ቤት፣ ሌላው የልጅነት ጨዋታን ያስታውሳል። እንግዲህ የለካችሁት የማስታወስ ችሎታን ነው ወይስ ቀድሞ የምታውቁትን ነገር? ኤቢንግሐውስ ይህን ችግር በሚገባ ተረድቶት ነበር። ክብደት የሚለካ ሰው አስቀድሞ የሚዛኑ ሳሕን ባዶ መሆኑን እንደሚያረጋግጥ ሁሉ፣ እርሱም ቀደም ሲል ከነበረው ዕውቀት ጋር ያልተያያዘ ነገር መፈለግ ነበረበት።

መፍትሔውን ያገኘው በቀለም ነው። በግጥም ትምህርታችሁ ስንኝን የምትመዝኑበትን ቀለም ታስታውሳላችሁ። ኤቢንግሐውስ በሁለት ተነባቢዎች መካከል አንድ አናባቢ እያስገባ 2300 ያህል ቀለማት አዘጋጀ። አብዛኞቹ ለብቻቸው ሲነገሩ ምንም ትርጉም የሚሰጡ አልነበሩም። በእኛ ቋንቋ ዞፍ፣ ጌብ፣ ሚዥ እንደማለት ነው። እንዲህ ያሉትን ማዘጋጀት ቀላል ይመስላችኋል፤ ግን ሞክሩት። ቱግ የሚለውን ብትጨምሩ ቱግ ብሎ የተቆጣ ሰው ወዲያው ትዝ ይላችኋልና ለዚህ ሥራ አይሆንም። ኤቢንግሐውስ ቀለማቱን ካዘጋጀ በኋላ አደባልቆ በዕጣ እያወጣ፣ በተርታ እየደረደረ ማጥናት ጀመረ።

የአጠናኑ ሥርዓት እጅግ ጥብቅ ነበር። አንዱን ቀለም ከሌላው አብልጦ እንዳያይ፣ በደቂቃ 150 ጊዜ የሚመታውን የሰዓት ድምፅ እየተከተለ ሁሉንም በእኩል ፍጥነት ያነባል። ድምፁን ከፍ ወይም ዝቅ አያደርግም። ቀለማቱን በተረት ወይም በዜማ አያያይዛቸውም። ያለ አንዳች ስሕተት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በቃሉ እስኪላቸው ድረስ ደጋግሞ ያነባቸዋል፤ የፈጀበትን ጊዜና የድግግሞሹን ብዛትም ይመዘግባል። በየቀኑ የሚያጠናበት ሰዓት የተወሰነ ነበር፤ ምክንያቱም በጠዋትና በማታ የአእምሮ ንቃት እኩል አለመሆኑን ተገንዝቧል። ይህን ሥራ መጀመሪያ በ1879 እና በ1880፣ ቀጥሎም ውጤቱን ለማረጋገጥና ለማስፋፋት በ1883 እና በ1884 አከናወነ። ምንም ትርጉም የሌለውን ነገር፣ ማንም ሳያስገድደው፣ ከዓመት ወደ ዓመት በቃል ማጥናት ምን ያህል ትዕግሥት እንደሚጠይቅ እናንተው ገምቱ።

አሁን ወደ ዋናው ብልሃቱ እንመጣለን። አንድ ሰው ትናንት ያጠናውን ዛሬ ሲጠየቅ አላስታውስም ቢል ሁሉንም ረስቷል ማለት እንችላለን? ኤቢንግሐውስ አንችልም ባይ ነበር። በግልጽ የማይታወስ ነገር በአእምሮ ውስጥ ተደብቆ ሊኖር ይችላልና። ስለዚህ የተጠናውን ነገር እንደገና ማጥናትና የሁለተኛውን ጊዜ ከመጀመሪያው ጋር ማነጻጸር የሚል ዘዴ አወጣ። ለምሳሌ በመጀመሪያ 20 ደቂቃ የፈጀ ጥናት በሁለተኛው ቀን 12 ደቂቃ ብቻ ቢፈጅ 8 ደቂቃ ተርፏል፤ ይኸውም የመጀመሪያው ድካም 40 በመቶ ነው። ይህ የተረፈ ድካም በአእምሮ ውስጥ የቀረውን ዕውቀት መጠን ያመለክታል። ሰውዬው አንዲት ቀለም እንኳ በቃሉ ማለት ባይችልም የቀድሞው ጥናት ከንቱ እንዳልቀረ በዚህ ይታወቃል።

በዚህ ዘዴ የመርሳትን መጠን ለማወቅ 163 ጥንድ ሙከራዎችን አደረገ። በእያንዳንዱም ዐሥራ ሦስት ቀለማት ያሏቸውን ስምንት ተርታዎች አጥንቶ፣ ከተወሰነ ጊዜ በኋላ እነዚያኑ እንደገና ያጠና ነበር። ያገኘው ውጤት የሚከተለው ነው። ከ20 ደቂቃ ያህል በኋላ የተረፈው ድካም 58 በመቶ ነበር። ከአንድ ሰዓት በኋላ ወደ 44 በመቶ፣ ከዘጠኝ ሰዓት ያህል በኋላ ወደ 36 በመቶ፣ ከአንድ ቀን በኋላ ወደ 34 በመቶ ዝቅ አለ። ከሁለት ቀን በኋላ 28 በመቶ፣ ከስድስት ቀን በኋላ 25 በመቶ፣ ከ31 ቀን በኋላ ደግሞ 21 በመቶ ሆኖ ተገኘ።

እነዚህን ቁጥሮች ሳትመረምሩ አትለፏቸው። በመጀመሪያው ሰዓት ውስጥ ከድካሙ ከግማሽ በላይ ጠፍቷል። ከስድስተኛው ቀን እስከ ሠላሳ አንደኛው ቀን ድረስ ግን የጠፋው አራት በመቶ ያህል ብቻ ነው። መርሳት መጀመሪያ ላይ ከገደል እንደሚወርድ ውሃ ይፈጥናል፤ በኋላ ግን ሜዳ ላይ እንደ ደረሰ ወንዝ እየቀዘቀዘ ይሄዳል። ቁጥሮቹ በሥዕል ሲቀመጡ የሚሠሩት መስመር የመርሳት ኩርባ ተብሎ በዓለም ታውቋል። እንግዲህ ያጠናችሁትን በማግሥቱ ብትረሱ ይህ የአእምሮአችሁ ድካም ምልክት አይደለም። በጥብቅ ሥርዓት ያጠና የነበረው ሊቅም ረስቷል። ከወር በኋላ እንኳ ከድካሙ አንድ አምስተኛ ያህሉ ሳይጠፋ መቆየቱንም አትዘንጉ።

ኤቢንግሐውስ ያጠናው መርሳትን ብቻ አልነበረም። የሚጠናው ነገር ሲረዝም ድካሙ ምን ያህል እንደሚጨምርም መርምሯል። ሰባት ቀለማትን አንድ ጊዜ ብቻ አንብቦ በቃሉ ይላቸው ነበር። ዐሥራ ሁለት ሲሆኑ ግን 17 ጊዜ ያህል፣ ዐሥራ ስድስት ሲሆኑ 30 ጊዜ፣ ሃያ አራት ሲሆኑ 44 ጊዜ ማንበብ አስፈለገው። ከሰባት ወደ ዐሥራ ሁለት ከፍ ለማለት የተጨመሩት አምስት ቀለማት ብቻ ሲሆኑ ድካሙ ግን ዐሥራ ሰባት እጥፍ ሆነ።

የትርጉምን ኃይል ለማወቅ ደግሞ ዶን ዡዋን ከተባለው የእንግሊዛዊው ባለቅኔ የባይረን ረጅም ግጥም ጥቂት አንጓዎችን አጠና። እያንዳንዱ አንጓ ሰማንያ ያህል ቀለማት አሉት። ይህን ለማጥናት ስምንት ጊዜ ያህል ማንበብ በቃው። ትርጉም የሌላቸው ሰማንያ ቀለማት ቢሆኑ ኖሮ ከሰባ እስከ ሰማንያ ጊዜ ማንበብ እንደሚያስፈልገው ገመተ። ስለዚህ ትርጉም ያለውን ነገር ማጥናት ከድካሙ አንድ ዐሥረኛውን ያህል ብቻ ይጠይቃል ማለት ነው። ትምህርቱን ሳይረዳ በቃሉ የሚሸመድድ ተማሪ ዐሥር እጥፍ ሸክም በገዛ እጁ እንደሚሸከም ከዚህ ተረዱ።

ለተማሪ ሁሉ ይበልጥ የሚጠቅመው ግን ስለ ጊዜ አከፋፈል ያገኘው ውጤት ነው። ዐሥራ ሁለት ቀለማት ያሉትን ተርታ በአንድ ቀን 68 ጊዜ አከታትሎ አነበበና በማግሥቱ እንደገና ለማጥናት ምን ያህል እንደሚቀለው ተመለከተ። በሌላ ጊዜ ደግሞ ንባቡን በሦስት ቀን ከፋፍሎ በድምሩ 38 ጊዜ ብቻ አነበበ። በማግሥቱ ሲፈትን 38ቱ ንባቦች ከ68ቱ ያላነሰ ጥቅም ሰጥተው ተገኙ። ልብ በሉ፤ ግማሽ በሚያህል ድካም እኩል ፍሬ ተገኘ። ልዩነቱ ሥራው በቀናት መካከል መከፋፈሉ ብቻ ነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚለውን ምሳሌ ለመደገፍ ከዚህ የሚበልጥ ማስረጃ የት ይገኛል?

ይህ ሁሉ ሥራ ግን አንድ ትልቅ አደጋ ነበረበት። ፈታኙም ተፈታኙም አንድ ሰው ነው። ሰው ደግሞ የሚመኘውን ውጤት ሳያውቀው ወደ ራሱ ሊስብ ይችላል። ኤቢንግሐውስ ይህን አደጋ ደብቆ አላለፈውም፤ በመጽሐፉ ውስጥ ራሱ አንሥቶ ተወያይቶበታል። ከአደጋው ለመዳን እያንዳንዱን ሙከራ ብዙ ጊዜ ደጋገመ፤ አማካይ ቁጥሮችን አወጣ፤ ስሕተት ሊኖር የሚችልበትን መጠን አስልቶ አብሮ አቀረበ። ውጤቱም የአንድ ሰው ውጤት እንጂ ለሰው ሁሉ የተደነገገ ሕግ አለመሆኑን ያውቅ ነበር። እውነተኛ ተመራማሪ የሥራውን ጥንካሬ ብቻ ሳይሆን ድካሙንም እንደሚገልጽ ከዚህ እንማራለን።

ስለ ማስታወስ ያጠናውን ሁሉ አንድ ላይ አድርጎ በ1885 በመጽሐፍ አሳተመ። መጽሐፉ ትልቅ አልነበረም፤ ነገር ግን ማስታወስን የመሰለ ረቂቅ ነገር በሙከራ ሊመረመር እንደሚችል ለዓለም አረጋገጠ። ኤቢንግሐውስ ከ1880 ጀምሮ በበርሊን ዩኒቨርሲቲ ያስተምር ነበር፤ ከመጽሐፉ በኋላ የፕሮፌሰርነት ማዕረግ ተሰጠው። በ1890 ደግሞ አርቱር ኮኒግ ከተባለው የፊዚክስ ሊቅ ጋር ሆኖ የሥነ ልቡናና የስሜት ሕዋሳት ጥናት የሚታተምበትን መጽሔት መሠረተ።

ይሁን እንጂ መንገዱ ሁሉ የተቃና አልነበረም። የበርሊን ዩኒቨርሲቲ ዋናውን መንበር ለእርሱ ሳይሰጥ ቀርቶ በ1894 ካርል ሽቱምፍ ለተባለው ሊቅ ሰጠው። ኤቢንግሐውስ ጥቂት ጽሑፎች ብቻ ማሳተሙ እንደ ጐዳው ይነገራል። አንዱን ነገር ለማረጋገጥ ዓመታት የሚወስድ ሰው በብዛት ሊጽፍ አይችልምና። እርሱ ግን ሥራውን አልተወም። በዚያው ዓመት ወደ ብሬስላው ዩኒቨርሲቲ ተዛወረ፤ ይህች ከተማ ዛሬ በፖላንድ ውስጥ የምትገኘው ቭሮትስዋፍ ናት። በዚያም ቤተ ሙከራ አቋቁሞ ማስተማሩንና መመራመሩን ቀጠለ።

በብሬስላው ሳለ የሠራው አንድ ሥራ እናንተን በቀጥታ ይመለከታል። በከተማዋ ተማሪዎች ጠዋት ለረጅም ሰዓት በተከታታይ ሲማሩ አእምሮአቸው ይደክም እንደሆነ ጥያቄ ተነሥቶ ነበር። ኤቢንግሐውስ ይህን ለመመርመር አንድ የፈተና ዓይነት አዘጋጅቶ በ1897 ውጤቱን አሳተመ። ፈተናው ከአንድ ጽሑፍ ውስጥ ቃላትን ወይም የቃላት ክፍሎችን አውጥቶ፣ ባዶውን ቦታ ተማሪው በተገቢው ቃል እንዲሞላ የሚያደርግ ነበር። በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ባዶውን ቦታ ሙሉ የሚሉትን መልመጃዎች የምታውቋቸው እናንተ፣ የዚህን ፈተና ባሕርይ ለመረዳት አትቸገሩም። ከሰጣቸው ፈተናዎች መካከል የተማሪዎችን የትምህርት ችሎታ በይበልጥ የለየው ይህ ሆኖ ተገኘ። ፈረንሳዊው አልፍሬድ ቢኔም በኋላ የልጆችን የማሰብ ችሎታ መመዘኛ ሲያዘጋጅ ይህን ዓይነት ጥያቄ ተጠቅሞበታል።

ኤቢንግሐውስ በ1905፣ በ55 ዓመት ዕድሜው፣ በወጣትነቱ ወደ ተማረባት ወደ ሃለ ተመለሰና በዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ሆነ። በእነዚህ በመጨረሻዎቹ ዓመታት ስለ ሥነ ልቡና በአጠቃላይ የሚያስረዱ መጻሕፍትን ያዘጋጅ ነበር። ከእነዚህም ዋናውን፣ የሕይወቱን አቅጣጫ ለለወጠው ለፌክነር መታሰቢያ አድርጎታል። አንባቢን የማያሰለች ግልጽ አጻጻፍ ስለ ነበረው መጻሕፍቱ በተማሪዎች ዘንድ ተወደዱ።

በዚህ ጊዜ ውስጥ ያቀረበው አንድ ሙከራ በተለይ ልብን የሚነካ ነው። ኤቢንግሐውስ በወጣትነቱ አጥንቷቸው የነበሩትን የባይረን አንጓዎች ከ22 ዓመት በኋላ እንደገና አጠና። ከእነርሱ በግልጽ የሚያስታውሰው ነገር አልነበረም። ሆኖም እንደገና ሲያጠናቸው ፈጽሞ አጥንቷቸው ከማያውቃቸው አንጓዎች ይልቅ ቀለሉት። የተረፈው ድካም ጥቂት ቢሆንም ሊለካ የሚችል ነበር። ዕድሜው ከወጣትነት ወደ ሽምግልና ተሻግሯል፤ ነገር ግን ያ የቆየ ጥናት በአእምሮው ውስጥ ዱካውን ትቶ አልፏል።

ማስታወስ ከዕድሜ ጋር እንዴት እንደሚለወጥ ከእርሱ በኋላ የተነሡ ተመራማሪዎች በሰፊው አጥንተዋል። ዕድሜ ሲገፋ አዲስ ነገር ለመያዝ የሚወስደው ጊዜ እየረዘመ፣ የሰውንም ስም ፈልጎ ማግኘት እያስቸገረ ይሄዳል። በአንጻሩ የቃላት ዕውቀትና በብዙ ዓመታት የተከማቸ ማስተዋል ለረጅም ጊዜ ጸንቶ ይቆያል። ስለዚህ አያታችሁ የአዲሱን ጎረቤት ስም ደጋግመው ቢጠይቋችሁ አትሳቁባቸው። እርሳቸው በልጅነታቸው የያዙትን ተረትና ምሳሌ እናንተ ገና አልያዛችሁትም።

ኤቢንግሐውስ ራሱ ለረጅም ሽምግልና አልታደለም። የሳምባ ምች ይዞት ፌብሩዋሪ 26 ቀን 1909 በሃለ ከተማ ሞተ። ዕድሜው ገና 59 ዓመት ነበር።

ሥራው ግን ከእርሱ ጋር አልተቀበረም። በእርግጥ ከእርሱ በኋላ የመጡ ሊቃውንት አንዳንድ ነቀፋ አቅርበዋል። ሰው በዕለት ኑሮው የሚያስታውሰው ትርጉም የሌለውን ቀለም ሳይሆን ትርጉም ያለውን ነገር ነው፤ ስለዚህ በቀለማት የተገኘው ቁጥር ለትምህርት ሁሉ እንዳለ ሊወሰድ አይገባም ብለዋል። ነቀፋው ተገቢ ነው። ነገር ግን የመርሳቱ አካሄድ፣ ማለትም መጀመሪያ ፈጥኖ በኋላ መቀዝቀዙ፣ በተደጋጋሚ ተረጋግጧል። በ2015 በአምስተርዳም ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች የኤቢንግሐውስን ሙከራ በእርሱው ዘዴ ደግመው ያገኙትን ውጤት ሲያሳትሙ፣ መስመሩ ከመቶ ሠላሳ ዓመት በፊት ከተገኘው ጋር በእጅጉ የሚመሳሰል ሆኗል። አንድ ሰው ብቻውን በክፍሉ ተቀምጦ፣ የሰዓት ምት እየተከተለ የመዘገበው ቁጥር ይህን ያህል ዘመን መጽናቱ የሚያስደንቅ ነው።

ተማሪዎች፣ የኤቢንግሐውስን ታሪክ ስታነቡ በአገራችንም የጥንት መምህራን ይህን የመሰለ ነገር በልምድ ማወቃቸውን ልታስተውሉ ይገባል። በቤተ ክህነት ትምህርት ዳዊት የሚደገመው በሰባቱ ዕለታት ተከፍሎ ነው፤ የሰኞው ሰኞ፣ የማክሰኞው ማክሰኞ ይደገማል። ሳምንቱ ሲመለስ ንባቡም ይመለሳል። የቆሎ ተማሪም ቀን የተቀበለውን ቃል ሌሊት ይቀጽለዋል፤ በማግሥቱም ለመምህሩ ያሰማል። ድግግሞሹን በጊዜ መካከል መከፋፈል ምን ያህል እንደሚጠቅም ኤቢንግሐውስ በቁጥር ያሳየውን፣ የእኛ አባቶች በሥራ ይጠቀሙበት ነበር።

እንግዲህ በምንባቡ መጀመሪያ ወደ ተነሣው ጥያቄ እንመለስ። የረሳ ተማሪ ተስፋ መቁረጥ ይገባዋልን? አይገባውም። መርሳት የሰው ሁሉ ባሕርይ ነው፤ መጠኑም ይለካል፤ መድኃኒቱም ይታወቃል። ዛሬ የተማራችሁትን ዛሬ ማታ፣ ከዚያም ከሁለት ቀን በኋላ፣ ከዚያም ከሳምንት በኋላ ጥቂት ጥቂት ከልሱት። ከመሸምደዳችሁ በፊት ትርጉሙን ተረዱ። ፈጽሞ የጠፋ የመሰላችሁንም ትምህርት እንደገና ለመጀመር አትፍሩ፤ ሁለተኛው ጉዞ ከመጀመሪያው ያጥራልና።

ይህንንም በራሳችሁ ፈትናችሁ እንድታዩት ያህል ትርጉም የሌላቸው ዐሥራ ሁለት ቀለማት አዘጋጁ። ያለ ስሕተት በቃላችሁ እስክትሏቸው ድረስ ስንት ጊዜ እንዳነበባችኋቸው ጻፉ። በማግሥቱ እንደገና አጥኗቸውና ሁለቱን ቁጥሮች አነጻጽሩ። ያገኛችሁትንም ውጤት፣ መግቢያ፣ ሐተታና መደምደሚያ ባለው የአንድ ገጽ ድርሰት አስረዱ። ድርሰታችሁን ስትጽፉ ያላገኛችሁትን ቁጥር አትጨምሩ፤ የተሳሳታችሁበትን ቦታም አትደብቁ። የሔርማን ኤቢንግሐውስ ትልቅነት የነበረው በዚሁ ነውና።